የሕፃናት ተቅማጥ፡ እናት በቤቷ ልታውቀው የሚገባ



ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሰፈራችን መስጂድ የሴቶች ክፍል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር ሰላት በኋላ ከእናቶች ጋር ተቀምጠን ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ስንማማር ቆይተናል። ብዙዎቹ «ይህ ነገር በጽሑፍ ቢወጣ ገጠር ላሉት እህቶቻችንም እንልከው ነበር» ስላሉኝ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አያቶች በየቤቱ አሉና የተማራችሁ ልጆች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። የምሠራው በመድኃኒት መደብር ውስጥ ነው። ሰዎች «ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔ ግን በዲፕሎማ የተመረቅሁ የፋርማሲ ባለሙያ እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ቀን ዓስር ሊደርስ ሲል ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ የዘጠኝ ወር ልጇን ያዘለች አንዲት እናት መጣችና «ልጄን እያስቀመጣት ነው፤ መድኃኒት ስጪኝ» አለችኝ። ሁለት ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. ሰጠኋትና «በውሃ በጥብጠሽ አጠጫት» ብዬ ወደሚቀጥለው ሰው ዞርኩ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ግን ግማሽ ነበር። በስንት ውሃ? በምን ዕቃ? አልነገርኳትም፣ እርሷም አልጠየቀችኝም።

እናትየዋ ፓኬቱን እንዳለ በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ በጠበጠችው። ኋላ ስትነግረኝ «ጠንከር እንዲል ብዬ ነው» አለች። ልጅቷ ይበልጥ ተጠማች፤ በማግስቱ ሁለተኛውን ፓኬት እንደዚያው አድርጋ ሰጠቻት። በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ተንዘፈዘፈች። ሆስፒታል ስትደርስ በደሟ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በላይ መሆኑ ታወቀ። ቀናት ተኝታ ታከመች፤ አልሐምዱሊላህ ዳነች። እናቷ የመጣችው ግን ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእርሷ መስሏት ልታማክረኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ምን ብዬ ነገርኩሽ? እስኪ መልሰሽ ንገሪኝ» ሳልል ይህን ፓኬት ለማንም እናት አልሰጥም። ቸኩላ የምትቆጣኝ አለች፤ ትቆጣ።

ተቅማጥ ልጅን የሚጎዳው በምንድን ነው?

አንድ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ወይም ውሃ የሆነ ሰገራ ካስወጣ ተቅማጥ ይዞታል እንላለን። ጡት ብቻ የሚጠባ ጨቅላ በተፈጥሮው ለስላሳ ሰገራ ቶሎ ቶሎ ስለሚያስወጣ፣ ሁልጊዜ የነበረው ከሆነ በሽታ አይደለም። እናት የልጇን ልማድ ታውቃለችና ከወትሮው የተለየ መሆኑን ትመልከት።

አብዛኛው ተቅማጥ የሚመጣው በቫይረስ ሲሆን በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ታዲያ ልጅ የሚሞተው በምንድን ነው? በውሃውና በጨው ማለቅ ነው። የ8 ኪሎ ልጅ እናስብ። ከሰውነቱ 400 ግራም የሚያህል ውሃ ቢወጣበት፣ ማለትም አንድ የለስላሳ ጠርሙስና ትንሽ ጨመር የሚል፣ የድርቀት ምልክት መታየት ይጀምራል። የዚህ እጥፍ ቢወጣበት ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ ይህ መጠን ከቁጥር አይገባም፤ ለእርሱ ግን ብዙ ነው። ትውከትና ትኩሳት ሲጨመርበት ደግሞ ሰዓታት በቂ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት ተቅማጥ በዓመት ከ4 መቶ 40 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ይገድላል።

ስለዚህ ዋናው ሕክምና የወጣውን መተካት ነው። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ብንሰጠው የታመመው አንጀት እንደሚገባ አይቀበለውም፣ የወጣውንም ጨው አይመልስም። በአንጀት ግድግዳ ላይ ጨውና ግሉኮስ (የስኳር ዓይነት ነው) አንድ ላይ ሲመጡ ብቻ የሚከፈት በር አለ እንበል። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃውን ይዘውት ይገባሉ። ልጁ በተቅማጥ ላይ ሆኖ እንኳ ይህ በር ይሠራል። ሱብሐነላህ! ኦ.አር.ኤስ. የምንለው፣ በአማርኛ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር»፣ በገበያው ደግሞ ብዙዎች «ለምለም» የሚሉት ነጭ ዱቄት የተሠራው ለዚሁ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚሠራበት ቀመር ለ1 ሊትር ውሃ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት የያዘ ነው። ይህን ቁጥር የጻፍኩት እንድትሸመድዱት ሳይሆን ሚዛኑ ምን ያህል የተጠበቀ እንደሆነ እንድታዩ ነው። ውሃው ቢያንስ ጨው ይበዛል፤ ውሃው ቢበዛ ጥቅሙ ይጠፋል።

ከባንግላዴሽ እናቶች የምንማረው

የዚህ ዱቄት ታሪክ ባንግላዴሽ ከምትባለው የሙስሊም አገር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ባጭሩ ላጫውታችሁ። ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል በነበረችው አገር፣ በዳካ ከተማ፣ የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 የኮሌራ ሕሙማን ጨውና ግሉኮስ ያለበት ውሃ በአፋቸው እየጠጡ ሊድኑ እንደሚችሉ አሳዩ። በ1971 ጦርነት ሲነሳ ስደተኛው ወደ ሕንድ ጎረፈ፣ ኮሌራም ተከተለው። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ሲያክሙ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀባቸው። ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው በኩባያ እንዲሰጥ አደረጉ፤ የሚያጠጡትም የሕሙማኑ እናቶችና ዘመዶች ነበሩ። ከመቶ 30 ያህሉ ሲሞት የነበረው ሕመምተኛ ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዶክተር ወይም ነርስ ያልሆነ ሰው ኩባያ ይዞ ነፍስ ሊያድን እንደሚችል በዚያ ታየ።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የተደረገው ነው። ብራክ የሚባለው፣ በፋዝሌ ሐሰን አቤድ የተመሠረተው የአገሪቱ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ አስተማረ። ያኔ ፓኬት በየመንደሩ ስላልነበረ፣ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ እፍኝ የሸንኮራ ስኳር በግማሽ ሊትር ያህል ውሃ መበጥበጥን ነበር የሚያስተምሩት። ለማስታወስ የሚያስፈልጉ አሥር ነጥቦች ነበሩ። ታዲያ አስተማሪዋ የምትከፈለው ስንት ቤት ዞረች ተብሎ አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እናቲቱን «እስኪ አሥሩን ነጥብ ንገሪኝ፣ ሠርተሽም አሳዪኝ» ይላታል፤ ክፍያው እናቲቱ ባስታወሰችው ልክ ነው! እኔ በዚያ ሕግ ብከፈል ኖሮ የሻይ ብርጭቆዋ እናት በመጣች ቀን ደመወዜ ባዶ ነበር።

ነገር ግን እዚያም ችግር ገጠማቸው። እናቶቹ ነጥቦቹን በቃላቸው ያውቃሉ፤ ልጃቸው ሲታመም ግን አይጠቀሙበትም። ምክንያቱ ሲጠና ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ራሳቸው አስተማሪዎቹ እምነት አጥተው በየቤታቸው ክኒን ይገዙ ነበር። ሁለተኛ፣ አባቶች ጉዳዩን አያውቁም ነበር፤ ባልየው «የጨው ውሃ ምን ያደርጋል? ሐኪም ፈልጊ» ሲላት ሴቲቱ ትተወዋለች። ስለዚህ አስተማሪዎቹን መጀመሪያ አሳመኑ፤ ወንዶቹንም በመስጂድ፣ በገበያና በትምህርት ቤት እየሄዱ አስተማሩ። ዛሬ ባንግላዴሽ ኦ.አር.ኤስ. በመጠቀም ከዓለም ቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ነች። ይህን ገጽ የምታነቡ ወንድሞች፣ ለእናንተም የተጻፈ መሆኑን ልብ በሉ።

አበጣጠቡ

በመጀመሪያ እጅን በሳሙና መታጠብ። ከዚያም የፓኬቱን ጀርባ ማንበብ። አገራችን ውስጥ ያለው ብዙው ለ1 ሊትር የሚሆን ነው፤ ለግማሽ ሊትርና ከዚያም ላነሰ የሚሆን ስላለ ግን ሳያዩ አይበጠበጥም። 1 ሊትር በምን ይለካል? ባለ 1 ሊትሩ የሃይላንድ ፕላስቲክ ታጥቦ ከተገኘ እርሱ ነው። ከሌለ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የለስላሳ ጠርሙስ ሦስት ሙሉና አንድ ሲሶ። አንድ ጊዜ ከእኛ ጋር ሊያስተምር የመጣ ወንድም «ሦስት የቢራ ጠርሙስ» ብሎ ሲጀምር ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ልኩ እውነት ነው፣ ጠርሙሱ ግን በእኛ ቤት የለም።

ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ቤተሰቡ ከሚጠጣው ንጹሕ የተባለው ይወሰድ። ፓኬቱን ሙሉ በሙሉ ጨምሮ እስኪሟሟ ማማሰል ነው። ግማሹን ፓኬት በዓይን ገምቶ መክፈል አይገባም። ስኳር፣ ወተት፣ ሻይ ወይም ለስላሳ አይጨመርበትም፤ ከተበጠበጠ በኋላም አይፈላም። ተከድኖ ይቀመጥና 24 ሰዓት ሲሞላው የተረፈው ይደፋል። እናቶች «ይባክናል» እያሉ ሁለት ቀን ያቆዩታል፤ ይህ ልክ አይደለም።

ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨው ካለው ተሳስቷል፣ ድፉትና እንደገና ሥሩ። ልጅ ሲያለቅስ እንባውን ያልቀመሰች እናት ስለሌለች ይህን ሚዛን ማንም አይረሳውም።

ፓኬት ሌሊት ቢያልቅስ? ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው የተላገ እንጂ የተቆለለ አይሁን። ቁጥሩን የምታቀያይር እናት ስላየሁ እደግመዋለሁ፦ ስድስቱ ስኳር ነው፣ ግማሹ ጨው። ይህ እስኪነጋ የሚያደርስ እንጂ የፓኬቱ ምትክ አይደለም፤ ፖታሲየም የለበትምና። እርግጠኛ ያልሆነች እናት ደግሞ የሩዝ ውሃ ወይም ቀጭን የገብስ አጥሚት ብትሰጥ ይሻላታል።

አሰጣጡ

ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከግማሽ እስከ አንድ መካከለኛ የሻይ ብርጭቆ ያህል ይጠጣል። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። የሚሰጠው በኩባያና በማንኪያ ነው። ጡጦን ተዉት፤ በጡቱ ጫፍ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ራሱ የተቅማጥ ምንጭ ነው።

«ይተፋዋል» ትሉኛላችሁ። የተጠማ ልጅ ብርጭቆ ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ሲሰጡት ይተፋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከዚያ በየአንድ ሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ስጡት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ በእኔም ልጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ግን ሆድ ውስጥ የሚቀረው በዚህ መንገድ የገባው ነው።

ከሁሉም በላይ የምሰማው ቅሬታ «ሰጠሁት፣ ግን አላቆመለትም» የሚለው ነው። ይህን እዚህ ላይ አስረግጬ ልናገር፦ ኦ.አር.ኤስ. ተቅማጥን አያቆምም! የተሠራውም ለዚያ አይደለም። እንስራው ይፈስሳል፤ እኛ በላይ በኩል እንሞላለን፤ ቀዳዳው በራሱ እስኪደፈን እንስራው ባዶ እንዳይሆን ነው። እናቲቱ «አልሠራም» ብላ በሁለተኛው ቀን ስትተወው ነው ልጁ የሚደርቀው። መሥራቱን የምታውቁት በሰገራው ሳይሆን በልጁ ነው፤ አፉ ረጥቦ፣ ሽንቱን ሸንቶ፣ ዓይኑ ነቅቶ ከታየ እየሠራ ነው።

ቀዳዳውን ቶሎ ለመድፈን የሚያግዘው ዚንክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከኦ.አር.ኤስ. ጋር አብሮ እንዲሰጥ ያሳስባሉ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ክኒን፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነ ግማሹ፣ ለ10 ቀን። ክኒኑ በማንኪያ ላይ በታለበ የጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ሟሙቶ ይሰጣል። በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ሲቆም ክኒኑን ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። አሥሩ ቀን ካለቀ ለቀጣዮቹ ሁለት ሦስት ወራት ልጁን ከሚመጣው ተቅማጥ ይከላከልለታል። ዋጋው ካልቆጠባችሁት ነገር ሁሉ ያነሰ ነው።

የማይሰጥና የማይደረግ

በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ከድሮ ሕመም የተረፈ ባለሁለት ቀለም ካፕሱል አለ። ያንን ፈልቅቆ ዱቄቱን ለሕፃን ማላስ እጅግ አደገኛ ነው። ውሃ የሆነ ተቅማጥን አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ ሜትሮኒዳዞልም እንዲሁ ሐኪም ሳያዝ አይሰጥም። ለትልቅ ሰው የሚሸጠው ሎፔራማይድ የሚባለው የተቅማጥ ማቆሚያ ደግሞ አንጀትን ሊያስርና መርዙን ውስጥ ሊያስቀር ስለሚችል ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ባለሙያ ሆኖ ይህን ለሕፃን የሚሸጥ ካለ አላህን ይፍራ።

«የጥርስ ተቅማጥ ነው» ብሎ ዝም ማለት፣ ይባስ ብሎ የሕፃኑን ድድ አስፈልፍሎ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ፤ እነዚህ በአካባቢያችን ገና አልጠፉም። ልጁ ጥርስ በሚያበቅልበት ጊዜ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድዱን የሚፈለፍለው ያልተቀቀለ ብረት ደም መመረዝንና ቴታነስን ያመጣል። አያቶቻችን ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ ያኔ ሌላ አልነበራቸውም። ዛሬ አለ።

ስለ ማር በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። አንድ ሰው ስለ ወንድሙ የሆድ ሕመም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያመለክት ማር እንዲያጠጣው እንደታዘዘ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል፣ ማርም መድኃኒትነት ያለው የአላህ ጸጋ ነው። ሐዲሱ ግን ስለ ጨቅላ አይናገርም። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አንጀቱ ስላልጠነከረ፣ በማር ውስጥ የሚገኝ የአንድ ጀርም ዘር በሆዱ ሊፈለፈልና ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ጡንቻን የሚያዝል ከባድ በሽታ ሊያመጣበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ሳይሞላው ጣት ነክሮ እንኳ አይላስም። ለትልልቆቹ ብትሰጡም ከኦ.አር.ኤሱ ጋር እንጂ በእርሱ ፋንታ አይሁን። አንዲት አያት ይህን ሰምተው «ልጄ፣ ሐዲስ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉኝ። «አይደለም እማ፣ ስለ ልጁ ዕድሜ ልነግርዎት ነው» አልኳቸው። ኡስታዛችንም ጉዳዩን ሲሰማ የሰውየው ወንድም እንጂ ጨቅላ እንዳልነበረ አስረድቶ አግዞኛል።

ምግብና ጡት

ሆዱ ይረፍ ብሎ ልጅን ማስራብ ሌላው ጎጂ ልማድ ነው። ጡት የሚጠባ ከወትሮው ደጋግሞ ይጥባ። «ፀሐይ የመታው ጡት ነው» ወይም «አርግዣለሁና ወተቴ ተበላሽቷል» ተብሎ ጡት አይከለከልም። ሱረቱል በቀራህ ውስጥ የተጠቀሰው የሁለት ዓመት ማጥባት በተቅማጥ ሰሞን የሚቋረጥ አይደለም፤ ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ስድስት ወር ያለፈው ዘይት ጠብ የተደረገበት ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ ሙዝ፣ እርጎ፣ ለስለስ ያለ የክክ ወጥ በጥቂት በጥቂቱ ይብላ። ከዳነ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ስጡት፤ የከሳውን የሚመልሰው ይህ ነው።

በረመዳን ወር ሁለት ነገር ያጋጥማል። ሌሊትና ቀን የታመመ ልጅ የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች ሸሪዓው ማፍጠርን ፈቅዶላታል፤ ቀዷውንና ፊድያውን በተመለከተ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ በዚያ አልገባም። ሁለተኛው፣ ጾም የሚለማመዱ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ «ጾሜን አልፈታም» ብሎ ቢያለቅስም ይፍታ። ገና ግዴታ አልሆነበትም፤ ውሃው ግን እያለቀበት ነው።

መቼ ነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚሮጠው?

መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የሚሰጠውን ሁሉ ከተፋ፣ ከፈዘዘ ወይም ስትጠሩት ካልነቃ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለው አትጠብቁ። ዓይኑና እርግብግቢቱ ከሰረጎዱ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና እንዲሁ። አንድ ሙከራ ደግሞ አለ፦ ከእምብርቱ ጎን ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ወዲያው ካልተመለሰና ተጨምድዶ ከቆየ ልጁ ደርቋል። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ተቅማጥ ከያዘው ምልክት ሳይጠበቅ ይሄዳል፤ 14 ቀን የቆየ ተቅማጥም ቤት ውስጥ አይታከምም። በሰፈሩ ትልቁም ትንሹም የሩዝ ውሃ የመሰለ ሲያስቀምጠው ከተሰማ አተት ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይነገር። በመንገድ ላይም ቢሆን ኦ.አር.ኤሱ ከልጁ አፍ አይለይ። እናት መኪና ስትጠብቅ የሚሰጠው ማንኪያ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይበልጣል።

መከላከልን በተመለከተ ባጭሩ፦ የሮታ ቫይረስ ክትባት ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በመደበኛ ክትባት ውስጥ ይሰጣል፤ በአፍ የሚጠባ ጠብታ ነው፣ በስድስት ሳምንት ይጀመራል፣ ቀኑ አይለፍ። የሕፃን ሰገራ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ከቤት ጥግ አይጣል፣ ሽንት ቤት ይግባ። ውዱእ በቀን አምስት ጊዜ ስለምናደርግ እጃችን ንጹሕ ይመስለናል፤ ልጅ ከተጠራረገ በኋላ ግን የኩስኩስቱ ውሃ ብቻ አይበቃም፣ ሳሙና ያስፈልጋል። ከኩስኩስቱ አጠገብ ሳሙና በክር አስራችሁ አንጠልጥሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ወጣት እናት «ሌሊትስ እንዴት አድርጌ ነው? እንቅልፍ ይጥለኛል» ብላ ጠየቀችኝ። ከመተኛታችሁ በፊት 1 ሊትሩን በጥብጣችሁ፣ ከድናችሁ፣ ከኩባያና ከማንኪያ ጋር ከራስጌ አስቀምጡት። ልጁ ጡት እየጠባ በሰላም ከተኛ አትቀስቅሱት፤ ባስቀመጠው ቁጥር ግን ነቅቶ ድርሻውን ይጠጣል። በጣም ፈዝዞ ከተኛ ያ እንቅልፍ አይደለምና ተነሱ። ሌሊቱን ደግሞ ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እናት ትያዝ፣ ከዚያ እስከ ፈጅር አባት ይያዝ። አባት ማንኪያውን ከመረከቡ በፊት ግን እንዴት እንደሚሰጥ መልሶ ይንገራችሁ።